በውሃ ላይ የተላከከ ዝገት

መምህር ወንዳወቅ ኦክሲዴሽንን እንደ ዳዊት በቃሉ ያነበንበዋል። «ኤሌክትሮን ያጣ ኦክሲዳይዝ ሆነ፤ ያገኘ ሪዲዩስ ሆነ» እያለ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲሞላው፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይገለብጣል። እኔ ከላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። አስራ አንድ ዓመት አይቼዋለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዲት ሚስማር እንኳ ብርጭቆ ውስጥ ሲከት አላየሁትም። የጠመኔውን ብናኝ ከጣቱ ላይ አራግፎ ይወጣል፤ እኔም ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

ዝናሽ እባላለሁ። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው። መምህራኑ ከጀርባዬ «ጠርሙስ አጣቢዋ» ይሉኛል፤ ከጀርባዬ የሚሉትን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማለት እንኳ አያውቁበትም። የማጥበው ጠርሙስም ብዙ አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ የተዘረፈው ተዘርፎ፣ የተሰበረው ተሰብሮ፣ የቀረኝ ጥቂት ቢከር፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ አሮጌ የባትሪ ቻርጀርና ማንም የማይከፍተው ቁም ሳጥን ነበር። ንቀት ኃጢአት ነው ይላሉ ቄሶቹ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ የሚያሞቀኝ ነገር አልነበረኝም።

ያ አጥናፉ የሚባል ሰው የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። በሩ ላይ የውሃ ጠብታ የተሳለበት ነጭ መኪና ይዞ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ መጣ። ራሱን «የውሃ ጤና ኤክስፐርት» ብሎ አስተዋወቀ። የሚሸጠው በውስጡ ነጭ ድንጋይ ያለበት፣ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት የፕላስቲክ ባልዲ ነው። ርዕሰ መምህራችን ባጅ ያየ ቀን ይደነግጣል፤ ወዲያው መምህራንንና የአስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን አዳራሽ ሰበሰበ።

አጥናፉ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ። በአንዱ ከግቢያችን ቧንቧ የተቀዳ ውሃ አደረገ። በሌላው ደግሞ «በእኔ ማጣሪያ ያለፈ» ያለውን ውሃ ከአንድ ሰማያዊ ጀሪካን ቀዳ። ሁለቱም ጥርት ያሉ ነበሩ። ከዚያ አራት ዘንጎች ወደ ታች የተተከሉበት ትንሽ ሳጥን አወጣና፣ በየብርጭቆው ሁለት ሁለት ዘንግ አስገብቶ ገመዱን ሶኬት ላይ ሰካ።

ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። የቧንቧው ውሃ መጀመሪያ አረንጓዴ የመሰለ ጭጋግ ያዘ፤ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ጠላ አተላ ደፈረሰና ከላይ ቡናማ አረፋ ተኮፈሰበት። የሰማያዊው ጀሪካን ውሃ ግን እንዳለ ቁጭ አለ።

«እስከ ዛሬ ስትጠጡ የኖራችሁት ይህንን ነው» አለ አጥናፉ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ። «ለልጆቻችሁም የሰጣችሁት ይህንን ነው።»

አዳራሹ አንድ ላይ ቃተተ። ርዕሰ መምህሩ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» እያለ ብርጭቆውን ዞሮ ዞሮ አየ። የታሪክ መምህሩማ ጠዋት የጠጣው ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ ወደ ውጭ ወጥቶ እንትፍ አለ።

እኔ በሁለተኛው ደቂቃ አውቄዋለሁ። ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ያ ቡናማ ነገር በውሃው ውስጥ አልነበረም፤ ከዘንጎቹ ነው የመጣው። ከሁለቱ ዘንጎች አንዱ ብረት ነው። ኤሌክትሪኩ ከብረቱ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ኤሌክትሮኑን ያጣ ብረት አዮን ሆኖ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ እዚያ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ዝገት ይሆናል። መሬት ላይ የተጣለ ሚስማር በሁለት ክረምት የሚሆነውን፣ ያ ሳጥን በሁለት ደቂቃ ያደርገዋል። የዛገው ብረቱ ነው፤ የተወቀሰው ውሃው ነው። የሰማያዊው ጀሪካን ውሃ ደግሞ ያልደፈረሰው ምንም ጨውና ማዕድን ስለሌለበት ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ብቻ ነው። ያንን ጀሪካን ጋራዥ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሾፌሮች መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨምሩት የባትሪ ውሃ ነው። ሰውየው በባልዲው ያጣራው አንድ ጠብታ እንኳ አልነበረም።

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ። የትናየት ናት፤ ከፃግብጂ ወረዳ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ።

«ይቅርታ፣ ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ተብለን ነው የተማርነው» አለች። «ታዲያ ያኛው ብርጭቆ ያልደፈረሰው ቆሻሻ ስለሌለበት ነው፣ ወይስ ኤሌክትሪኩ ስላላለፈበት ነው?»

አጥናፉ ፈገግ አለ። ወደ መምህር ወንዳወቅ ዞረ። መምህር ወንዳወቅ ደግሞ «የዘርፉ ምሁር» ተብሎ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበርና ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ።

«የትናየት፣ በእንግዳ ፊት አታሳፍሪን። ተቀመጪ» አለ። «ይህ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል። ኤሌክትሪኩ ቆሻሻውን ከውሃው ለይቶ ያወጣዋል ማለት ነው። ሳይንስ ነው።»

ልጅቷ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ግን ዓይኗ ወደ እኔ መጣ። እኔ ግድግዳው ተደግፌ፣ ክንዴን አጣጥፌ እየሳቅሁ ነበር። አዎ፣ እየሳቅሁ። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ነገር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ዘመዱን እንደ ሳተ ሰው አላወቀውም። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ? «ይበላቸው!» አልኩ በሆዴ። አንዲት ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይሞት ነበር። አልተናገርኩም።

አጥናፉ ለመምህራን ክፍል አንድ ባልዲ በነፃ ሰጠ። መምህር ወንዳወቅ ደግሞ «ሙከራው በሳይንሳዊ መንገድ የተረጋገጠ ነው» የሚል ወረቀት ላይ ስሙን ከነዲግሪው ጽፎ ፈረመለት። ርዕሰ መምህሩ ማኅተም አከለበት። ያ ወረቀት ፕላስቲክ ለብሶ በነጩ መኪና ወጣ።

በማግስቱ የትናየት ላብራቶሪ መጣች። ወደዚያ ክፍል በፈቃዷ የመጣች የመጀመሪያዋ ተማሪ ሳትሆን አትቀርም። «እትዬ ዝናሽ፣ እናንተ ክፍል ሚስማር አለ?» አለችኝ።

ሁለት ሚስማር ሰጠኋት። በሚዛን መዘንናቸውና የቧንቧ ውሃ ውስጥ ከትተን ከቻርጀሩ ጋር አገናኘናቸው። ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ውሃው ደፈረሰ። ሚስማሮቹን አጥበን፣ አድርቀን እንደገና ስንመዝን፣ ከፖዘቲቩ ጋር የታሰረው ቀልሏል፤ ገላውም እንደ ፈንጣጣ ተቦርቡሯል። ሌላው እንዳለ ነው። ቀጥለን ሁለት ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰበርን፤ ከውስጡ የሚወጣውን ጥቁር የካርቦን ዘንግ ፍቀን አጸዳነውና በሚስማሮቹ ፋንታ ከዚያው ቧንቧ በተቀዳ ሌላ ውሃ ውስጥ ከተትነው። አረፋ ብቻ ሽቅብ ተፍለቀለቀ። ውሃው ጥርት እንዳለ ቀረ።

ልጅቷ ደብተሯን ጨብጣ ዘለለች። «እትዬ፣ እንናገራ! ለርዕሰ መምህሩ እናሳየው!»

«ለማን? ለዚያ?» አልኳት። «ተያቸው። ባጅና ማኅተም የሚያምን ሰው ባልዲ ቢገዛ ምን ይጎዳል? ባልዲው ቢያንስ ውሃ ይይዛል።»

አየችኝ። «እሺ» አለች፣ ሚስማሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ያ «እሺ» ለሁለት ቀን ያህል ቆረቆረኝ፤ ከዚያ ረሳሁት።

እህቴ አምሳለ የምትኖረው ከሰቆጣ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ፣ ወይራ ገደል በሚባል ጎጥ ነው። ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ለሥራ ተሰደዋል፤ ቤት የቀረቻት የመጨረሻዋ፣ ፀጋ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ናት። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። ፀጋን በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አምጥተዋታል።

ደርሼ ሳያት አላወቅኋትም። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ ሲያደርጉት እንዳለ ቆሞ ይቀራል። ሦስት ቀን አስመልሷትና አስቀምጧት ነበር።

ነርሷ ግሉኮሱን እየሰካች፣ «የምትጠጡት ምን ውሃ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የወንዝ» አለች አምሳለ።

«ፓምፕ የላችሁም?»

«ፓምፑማ መርዝ ነው። አንድ የተማረ ሰው መጥቶ በብርጭቆ አሳየን። ያንቺው ትምህርት ቤት መምህርም ፈርሞበታል» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ባልዲ ያልያዘ ሰው ከፓምፑ እንዳይጠጣ ተባለ። ፍየል ያለው ፍየል ሰጥቶ ተመዘገበ፤ ባልዲው ለዳግማይ ትንሣኤ ይመጣል አሉ። እስከዚያው ወራጅ ውሃ እድፍ አይዝም ብለን ወንዝ ወረድን።»

በመጋቢት ያ ወንዝ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ወራጅ አይደለም፤ በየድንጋዩ ሥር የተኛ ኩሬ ነው። ከብቱም ፍየሉም አህያውም እዚያው ቆሞ ይጠጣል፣ እዚያው ይጥላል።

እዚያ ኮሪደር ላይ ቁጭ አልኩ። ያ በአዳራሹ ግድግዳ ተደግፌ የሳቅሁት ሳቅ ትዝ አለኝ። ወንዳወቅን ስንቅ፣ ርዕሰ መምህሩን ስንቅ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስንቅ፣ ውሃውን ፈርታ ወንዝ የምትወርደው አምሳለ መሆኗን አላሰብኩም ነበር።

በማግስቱ ሳልደፋ ያቆየሁትን ብርጭቆና የተቦረቦረውን ሚስማር ይዤ መምህራን ክፍል ገባሁ። መምህር ወንዳወቅ ከባልዲው ቀድቶ እየጠጣ ነበር።

«መምህር፣ ይህንን ይዩልኝ» አልኩት። እርስዎ እለዋለሁ፤ እሱ አንቺ ይለኛል።

«ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«አኖድ ነው። እርስዎ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት አኖድ። ከመክተታችን በፊት መዝነነዋል፤ ከከተትነው በኋላም መዝነነዋል። የጎደለው እዚህ ብርጭቆ ሥር ተኝቷል። ከውሃው የወጣ ቆሻሻ የለም።»

«ዲፕሎማሽን ይዘሽ እኔን ልታስተምሪ ነው?» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሚስማሩን ተቀበለኝ። አገላብጦ አየው። ብርጭቆውንም አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ፤ ዕድሜ ልኩን ሸምድዶት የኖረው እኩልታ ያኔ ገና ሥጋ ለብሶ ፊቱ ቆመ መሰለኝ። ገብቶታል። በደንብ ገብቶታል። አንድ አፍታ አዘንኩለት።

አዘኔታዬ ብዙ አልቆየም። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ፈርሜያለሁ እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ያንሱታ!»

«አሁን ብናገር እኔ ምን እሆናለሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ወይራ ገደል ልጆች እየታመሙ ነው።»

«ልጅ ሁልጊዜ ይታመማል» አለና ሚስማሩን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በፊት ሰውየው ደደብ ነው ብዬ ነበር የምንቀው። ያን ቀን ግን ደደብ አለመሆኑን አየሁ፤ ለንቀቴም ቃል አጣሁለት።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከየትናየት ጋር ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን ወይራ ገደል ሄድን። ያመጣኋት እኔ አይደለሁም። የምሄድበትን ስነግራት «ካርቦኖቹን እኔ እይዛለሁ» ብላ ቀደመችኝ። ፀጋ ከሆስፒታል ወጥታ ነበር፤ ገና እግሯ ስላልጸና አምሳለ አዝላት ከሰዉ ዳር ቆማ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፓምፑ አጠገብ ተሰበሰበ። አጥናፉ መኪናውን አቁሞ፣ ባልዲዎቹን ደርድሮ፣ ትንሿን ጄኔሬተር አስነሥቶ ጠበቀ። ባልዲ ከማደሉ በፊት ያንኑ ሙከራ ለመድገም ፈልጓል፤ አዲስ ተመዝጋቢ ለማግኘት። አንዱን ብርጭቆ ከፓምፑ፣ ሌላውን ከሰማያዊው ጀሪካን ሞላ። ሳጥኑን ከተተ። የፓምፑ ውሃ ደፈረሰ። ሴቶቹ አማተቡ።

ያኔ ወደ ፊት ወጣሁ። አጥናፉ አላወቀኝም፤ ጠርሙስ አጣቢ ማን ያስታውሳል? ለሰዉ በአገውኛ ተናገርኩ፤ እሱ አገውኛ አይሰማም።

«ይህ ንጹህ ነው ያለው ውሃ ውስጥ ትንሽ ጨው ልጨምርበት። ጨዋችን ውሃ ያደፈርሳል ወይ? እዩት።»

መጀመሪያ በሌላ ብርጭቆ፣ ከዚያው ከሰማያዊው ጀሪካን ቀድቼ፣ ጨው ጨምሬ በጣቴ አማሰልኩት። ቅንጣቷ ሟሙታ ውሃው ጥርት እንዳለ ለሁሉም ዞሬ አሳየሁ። አጥናፉ ነገሩ የገባው ወደ ሳጥኑ ስጠጋ ነው።

«አይነካም! መሣሪያው ይበላሻል!»

«ምን ያበላሸዋል?» አሉ አባ ወልደ ጻድቅ በአማርኛ። የጎጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ። «ልጅቱ ትክተተው።»

ከተትኩት። ቀድሞ ከደፈረሰው የፓምፕ ውሃ ይልቅ ፈጥኖ ደፈረሰ። አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ አተላ ሆነ። ሰዉ አጉረመረመ።

አጥናፉ ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። እጁን አንሥቶ፣ «አያችሁ? ጨው ራሱ ቆሻሻ ነው! መሣሪያዬ ቆሻሻውን አወጣላችሁ!» አለ። አንዳንዱ ሰው «እውነት ነው» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ።

አባ ወልደ ጻድቅ ዱላቸውን ተደግፈው ሲስቁ ጥርስ የሌለው ድዳቸው ታየ። «ስማ አንተ ሰው፣» አሉት፣ «እኔ በወጣትነቴ ከአርሆ፣ ከጨው ሲራራ ነጋዴዎቹ ጋር፣ ጨው ለመጫን ቆላ ወርጃለሁ። በግመል ጭኜ፣ በበቅሎ ጭኜ፣ እዚህ ሰቆጣ ገበያ አራግፌያለሁ። ጨው ስልስ፣ ጨው ስቀምስ፣ ዝናብ ሲመታው ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ኖሬያለሁ። ሲሟሟ እንባ ነው የሚመስለው። አንድም ቀን እንዲህ ያለ ቀለም አልወጣውም። ይህ የጨው አይደለም። የምን እንደሆነ አንተ ንገረን።»



«የዘንጉ ነው» አልኩ። «ዘንጎቹን እንቀይርና እንያቸው።»

የትናየት ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠሩትን ሁለት የካርቦን ዘንጎች ፈትታ ሰጠችኝ። አጥናፉ ሳጥኑን ወደ ደረቱ ሳበው። ሁለት ጎረምሶች መጥተው ከግራና ከቀኝ ቆሙ፤ አልነኩትም፣ ቆሙ ብቻ። ሳጥኑን አስቀመጠ። ዘንጎቹ በአንድ ብሎን ነበር የሚታሰሩት፤ ፈታሁና ብረቱን አውጥቼ ለአባ ወልደ ጻድቅ ሰጠኋቸው። ካርቦኖቹን አሰርኩ። አንዲት ሴት ከፓምፑ አዲስ ውሃ ቀዳች። ከተትኩት።

ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ከካርቦኖቹ ጥቃቅን አረፋ ሽቅብ ይወጣል። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። አምስት ደቂቃ። ውሃው እንደተቀዳ ነው።

አባ ወልደ ጻድቅ በበኩላቸው ያንን ብረት በአውራ ጣታቸው ይዳስሱት ነበር። «በልቶታል» አሉ። «ይኸው፣ ነቀዝ እንደ በላው ማሽላ ነው። የደፈረሰው ይህ ነው።» ብረቱን ወደ ሰዉ አቀበሉት፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የመኪናው በር ተከፍቶ ሲታይ አንድ ሳጥን ሙሉ መለዋወጫ ዘንግ ተቀምጧል። ለምን መለዋወጫ ያስፈልገዋል? ሁሉም ሰው አንድ ላይ ገባው።

አልደበደቡትም። ሰው በሚንቀው ሰው ላይ እጁን አያነሣም። አባ ወልደ ጻድቅ፣ «ፍየሎቻችን እስኪመለሱ ጄኔሬተርህ እዚህ ይቆይ» አሉት፣ እንደ ተራ ነገር። ባልዲዎቹን መልሶ ሲጭን አንዱ እንኳ አላገዘውም። ሊነዳ ሲል መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ «እህቴ፣ ምን ቸገረሽ?» አለኝ። «ሰው ስለ ውሃው ቢጠነቀቅ ምን ጎዳሽ?»

«ወንዝ አወረድካቸው» አልኩት።

«እኔ ወንዝ ጠጡ አላልኩም» አለ። እንደ ወንዳወቅ ማለት ነው፤ ሁለቱም ጥፋትን ከራሳቸው ማራቅ ያውቁበታል።

ማምሻውን አምሳለ ቤት ተቀመጥን። የትናየት ፀጋን ታጫውታለች። አምሳለ ከፓምፑ የቀዳችውን ጀሪካን አስቀምጣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ዝኑ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ይህንን ያወቅሽው መቼ ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። የትናየት ግን እዚያው ነበረች፤ ባትኖርም እህቴን አልዋሻትም።

«በመጀመሪያው ቀን» አልኳት። «ትምህርት ቤት ያሳየ ቀን። ከጥምቀት በኋላ።»

በጣቷ ቆጠረች። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ሦስት ጣት አጥፋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ስቄባቸው ነበር።»

ተነሥታ ፀጋን ከየትናየት ጭን ላይ ወሰደቻትና ጓዳ ገባች። በማግስቱ ስንነሣ ስንቅ ቋጥራልን ነበር፤ የሰጠችው ግን ለየትናየት ነው።

ትምህርት ቤት ስመለስ ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰቆጣ ገብቷል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቀኝ፤ «የላብራቶሪ ንብረት ያለ ፈቃድ ከግቢ በማውጣት» ይላል። ንብረቱ ከሁለት የሞተ የባትሪ ድንጋይ የወጣ ካርቦን ነው። ፈርሜ ተቀበልኩ። ያ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት የት እንደ ደረሰ ማንም አላነሣም። መምህር ወንዳወቅ ግን በግንቦት ወር ክፍል ውስጥ ሁለት ሚስማርና ሁለት የካርቦን ዘንግ ይዞ ገባ። ተማሪዎቹን «ዛሬ ያዘጋጀሁላችሁ ሙከራ አለ» ሲላቸው ከበሩ ላይ ሰማሁት። ሚዛኑን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በጥሩ ሁኔታ አስረዳ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። የትናየት ከፊት ወንበር ተቀምጣ አንዴም ደብተሯን አልከፈተችም።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ብቻዬን ወይራ ገደል ሄድኩ። አምሳለ በሩን ከፈተችልኝ፤ ማዕድም አቀረበችልኝ። የቤቱን ነገር፣ የስደተኞቹን ልጆች ስልክ፣ የዝናቡን መዘግየት አወራን። ያንን ነገር አላነሣችውም። እንደ ድሮው «ዝኑ» ብላ ግን አልጠራችኝም፤ «ዝናሽ» ነው ያለችኝ።

ብዙው ሰው ወደ ፓምፑ ተመልሷል። ሁሉም ግን አይደለም። ስመለስ ገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት አሮጊት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ፓምፑ እኮ ደኅና ነው። በዚያ ቀን አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ» አሉኝ። «የሱንም ብርጭቆ አየሁ፣ ያንቺንም ብርጭቆ አየሁ። እሱም የተማረ ነው፣ አንቺም የተማርሽ ነሽ። እኔ በምን ልለያችሁ?» አሉና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አስተያየታቸውን አውቀዋለሁ፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ ሰው ያየሁበት አስተያየት ነው።

ጀሪካኑን ተቀብያቸው አብሬያቸው ቁልቁል ወረድኩ፤ መንገዱን ሙሉም ውሃውን አፍልተው ብቻ እንዲጠጡ ለመንኳቸው።